በእጅ ያለውን ሳያዩ መጣል

«ሌባ ብትሆኚ ይሻለኝ ነበር! ሌባ እንኳ የሰረቀውን ሸጦ ይበላበታል፤ አንቺ ግን ጣልሽው! ዝም ብለሽ ጣልሽው!»

ይህን ያለው ኢብሳ ነው፤ የተባለችው ደግሞ ታናሽ እህቱ ፈይሩዛ። ቅዳሜ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ፣ አሰላ ውስጥ፣ በአጎታቸው በቱሳ ጌም ቤት፣ አስራ አንድ ሰው ጆሮውን አቁሞ እየሰማ። ቱሳ ራሱ በዚያች ደቂቃ በሩ ላይ ደርሶ ነበር፤ በአንድ እጁ ለጄኔሬተሩ የገዛውን ቤንዚን በሃይላንድ ጠርሙስ፣ በሌላው ታላቅ እህቱ ፋጡ፣ የእነዚሁ ልጆች እናት፣ የላከችለትን በቅቤ የታሸ የገብስ ጭኮ በፌስታል አንጠልጥሏል። ሌላ ቀን ቢሆን «አንበሳው ገብቷል፣ ቦታ ልቀቁ!» ሳይል ከደጅ አያልፍም። ዛሬ ግን ጠርሙሱን ቀስ ብሎ መሬት አስቀመጠና እንደ እንግዳ በሩ ላይ ቆመ።

የጠፋው ኮርቻ ነው። ኮርቻ ሲባል መናኸሪያው አጠገብ ጋሪ ነጂዎች የሚጣሉበት የቆዳ ኮርቻ አይምሰል። የነጎድጓድ ኮርቻ ነው፤ «ሰባቱ ግንብ» በሚባለው የኢንተርኔት ጨዋታ ውስጥ ያለ፣ ፈረስ ላይ ሲጫን ሰማይ የሚያስጓራ፣ ጠላት ሲያየው ግንቡን ጥሎ የሚሮጥለት ኮርቻ። «ጭላሎ» ብለው ራሳቸውን የሰየሙት የቱሳ ጌም ቤት ተጫዋቾች ይህን ኮርቻ ለማግኘት ሰባት ወር ደም ተፍተዋል። ኢብሳና ፈይሩዛ ተራ ገብተው የዘንዶ ዋሻ ጠብቀዋል፤ መብራት ሲጠፋ በጄኔሬተር፣ ጄኔሬተሩ ሲያስነጥስ በስልክ ዳታ። ኮርቻው የተገኘ ዕለት ጌም ቤቱ ውስጥ የተነሳው ጩኸት ጢቾ ድረስ ተሰምቷል ይባላል። ይባላል ማለት፣ ቱሳ ይላል።

የኢብሳ ማስረጃ ደግሞ ዓይን ያወጣ ነው። ጨዋታው ማን ምን እንዳደረገ የሚጽፍበት መዝገብ አለው፤ እዚያ ላይ በትልቁ ሰፍሯል፦ ፈይሩዛ፣ የነጎድጓድ ኮርቻ፣ ተጥሏል፣ ትናንት ከምሽቱ አስራ ሁለት ሰዓት ከአርባ አንድ። በዚያ ላይ ትናንት ከሰዓት በኋላ ወንድምና እህት በሚቀጥለው ሳምንት ከሮቤ ልጆች ጋር ባለው ግጥሚያ ኮርቻውን ማን ይጭናል በሚል ተጨቃጭቀው፣ ፈይሩዛ በንዴት «አንተ ከምትጭነው ቢጠፋ ይሻላል» ብላ ነበር። ይህንንም አስራ አንዱ ሰው ሰምቷል።

«አልጣልኩም» አለች ፈይሩዛ። ኢብሳ ማውሱን ጠቅ ጠቅ አደረገና ከቡድኑ ስሟን ሰረዘ። ስሟ ከዝርዝሩ ላይ ሲጠፋ አንዲት ትንሽ የደወል ድምጽ ትሰማለች፤ ጌም ቤቱ ውስጥ ያቺ ደወል እንደ ትምህርት ቤት ደወል አስተጋባች። ፈይሩዛ የጆሮ ማዳመጫዋን ገመድ በእርጋታ ጠቀለለች፣ ሻርፗን አስተካከለች፣ ቱሳ አጠገብ ስትደርስ ቀና ብላ አየችው። «አቡያ፣ እርስዎም አመኑ?» አለችው። አቡያ ማለት የእናት ወንድም ነው፤ ጌም ቤት የሚመጣው ሁሉ ግን ቱሳን በዚሁ ነው የሚጠራው። ቱሳ አፉን ከፈተ። በአርባ ስድስት ዓመት ዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ ከዚያ አፍ የሚወጣ ነገር ጠፋ። እሷም አልጠበቀችውም፤ ወጣች።

ቱሳ ዝም ያለበት ምክንያት ነበረው። ትናንት ከምሽቱ አስራ ሁለት ከአርባ አንድ ላይ ሦስተኛው ኮምፒውተር ፊት የተቀመጠችው ፈይሩዛ አልነበረችም፤ ለመግሪብ ሶላት ተነስታ ወጥታ ነበር። ወንበሩ ላይ የነበረው እሱ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቱሳ ጨዋታ ብቻ አይደለም የሚያውቀው፤ ስክሪፕት የሚሉትን የኮምፒውተር ትእዛዝ ይጽፋል። በአንድ ወቅት የኮምፒውተር ማሠልጠኛ ውስጥ አስተማሪ ነበር፤ ሲያወራው ዳይሬክተር ነበር። ጨዋታው ላይ እንደ ቅጥያ የሚጫኑ ትናንሽ ፕሮግራሞችን፣ አድኦን የሚሏቸውን፣ ራሱን በራሱ አስተምሮ መጻፍ ከጀመረ ሁለት ዓመቱ ነው። ከሁሉም የሚኮራበት «ጠራጊው» ነው። ተጫዋች ሲዋጋ ውሎ ቦርሳው በተሰበረ ፍላጻና በጠጠር ይሞላል፤ ያንን አንድ በአንድ አንስቶ መጣል ጣት ያደክማል። ጠራጊው ግን አንዴ ሲጫኑት ጥርግ ያደርገዋል። ጨዋታው ውድ ዕቃ ሲጣል ደንግጦ «እርግጠኛ ነህ?» ብሎ ይጠይቃል፣ ጣይው በእጁ «ይጣል» ብሎ እንዲጽፍም ያስገድዳል። ቱሳ ይህ ጥያቄ ሥራ የሚያስፈታ ጉንጭ አልፋ ሆኖ ስላገኘው፣ ጠራጊው ራሱ በሰውየው ፈንታ «ይጣል» ብሎ እንዲመልስ አድርጎታል። «ከአዳማ እስከ ዶዶላ ይህን ያሰበ ጭንቅላት የለም» ይል ነበር። ትናንት ማታም ፈይሩዛ ክፍት ትታው የሄደችው ኮምፒውተር ላይ ቦርሳዋ በጠጠር ተሞልቶ ሲያይ አዘነላትና፣ ከሶላት ስትመለስ ትደሰት ብሎ፣ ጠራጊውን ተጫነው። ከዚያ ተነስቶ ሻይ ሊጠጣ ሄደ።

«የእኔ ስክሪፕት አይሳሳትም» አለ በልቡ፤ ቢሆንም ሊፈትነው ወሰነ። ጌም ቤቱ ቀድሞ ልብስ ስፌት ቤት የነበረ አንድ ክፍል ነው፤ ግድግዳው ሰማያዊ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ከጭላሎ ተራራ የሚወርደው ብርድ በመስኮቱ ስንጥቅ ገብቶ የተጫዋቹን ጣት ያደነዝዛል፣ ስለዚህ ግማሹ ብርድ ልብስ ደርቦ ነው የሚጫወተው። ስድስት ኮምፒውተር፣ በሰዓት አርባ ብር፤ ሻይ ከጎረቤት በአስራ አምስት ብር ይመጣል። ቱሳ ከሁሉም የራቀችውን ስድስተኛዋን ያዘና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ጨዋታው ውስጥ ለሙከራ የሚጠቀምባት ባለቤት የሌላት ተጫዋች አለችው። ቦርሳዋን በጠጠር፣ በተሰበረ ፍላጻና በአንዲት ዳቦ ሞላና ጠራጊውን ለቀቀው። ጠጠሩ ሄደ፣ ፍላጻው ሄደ፣ ዳቦዋ እንደ ሙሽራ ተቀምጣ ቀረች። ደገመ። ደጋገመ። አርባ ጊዜ ሞከረ፤ በልቡ አራት መቶ ብሎ መዘገበው። አንዴም አልሳተም። ደረቱ መንፋት ጀመረ፤ እንግዲህ ልጅቱ ራሷ ጥላው ይሆናል፣ ልጅ አይደለች፣ ተናዳለች፣ ምን ይደረግ ማለት ጀምሮም ነበር። ይህን ሲያስብ ግን የፈይሩዛ ዓይን ፊቱ ድቅን አለ፣ «እርስዎም አመኑ?»፣ እና እንደገና ጎንበስ አለ።

አራት ሰዓት ተኩል ላይ ዳቦዋን ከአንዱ የቦርሳ ኪስ ወደ ሌላው ሊያዛውር በማውሱ አነሳት። በጨዋታው ሕግ የተነሳ ዕቃ በእጅ ተይዟል ይባላል፤ ሌላ ቦታ እስኪቀመጥ ድረስ ከማውሱ ቀስት ጋር ተጣብቆ ይንሳፈፋል። በዚህ መሐል አንዱ ተጫዋች «አቡያ፣ ሰዓቴ አለቀ፣ አንድ ሰዓት ይጨምሩልኝ!» ብሎ ጮኸ። ቱሳ ተነሳ፣ ሰዓቱን ጨመረለት፣ አርባ ብሩን ተቀበለ፣ ተመልሶ ተቀመጠና ሳያስብ ጠራጊውን ተጫነው።

ዳቦዋ የለችም። የተሰበረው ፍላጻ ግን ቦታው ላይ ቁጭ ብሏል።

ቱሳ አፍጥጦ አየ። ከዚያ እንደ መብረቅ ገባው። ጠራጊው መጀመሪያ «ፍላጻውን አንሳ» ይላል፤ ቀጥሎ «በእጅህ ያለውን ጣል» ይላል። ባዶ እጅ ከሆነ ነገሩ የሰመረ ነው። እጁ ቀድሞ ዳቦ ይዞ ከሆነ ግን ፍላጻውን ማንሳት አይችልም፤ የያዘ እጅ ሌላ አያነሳም። ስክሪፕቱ ግን ዞር ብሎ እጁን አያይም። «አንሳ» ያለው የተነሳ መስሎት፣ እጁ ላይ ያገኘውን ይወረውራል፤ ጨዋታው ደንግጦ «እርግጠኛ ነህ?» ሲል ደግሞ የቱሳ ብልጠት ከፊት ቀድማ «ይጣል!» ትላለች። ፈይሩዛም ትናንት ኮርቻውን ከቡድኑ ግምጃ ቤት አውጥታ ልታዛውር እንዳነሳችው አዛን ሲሰማ፣ ማውሱን እንዳለ ትታ ነው የተነሳችው፤ ማታውንም ወደ ወንበሯ አልተመለሰችም። ኮርቻው በእጇ ነበር። ቱሳ በእጇ ያለውን ሳያይ ጣለ።

«አገኘሁት!» ብሎ ዘሎ ተነሳ። ወንበሩ ወደ ኋላ ወደቀ። ደስታው እውነተኛ ነበር፤ ስክሪፕት የሚጽፍ ሰው የተደበቀ ስህተት ሲያገኝ የሚሰማውን ያውቀዋል፣ ሠርግ አይደርስበትም። ሁለት እጁን ወደ ቆርቆሮው ዘርግቶ «አሰላ ሆይ፣ አገኘሁት!» አለ።

«ምን አገኙ አቡያ?» አለ ኢብሳ ከሦስተኛው ኮምፒውተር።

አስራ አንድ ፊት ወደ እሱ ዞሯል። የቱሳ እጆች አየር ላይ እንደተንጠለጠሉ ቀሩ። ያገኘው ምን እንደሆነ ያን ጊዜ ነው በደንብ የገባው። «ምንም» አለ፣ «የጄኔሬተሩን… ክዳን።» ወንበሩን አንስቶ ተቀመጠ። ኢብሳ ጥቂት አየውና ወደ ስክሪኑ ተመለሰ። ከዚያ በኋላ ያለውን ሁለት ሰዓት ተኩል ቱሳ እንዴት እንዳሳለፈው እሱና ፈጣሪው ናቸው የሚያውቁት። ጭኮውን ከፈተ፣ ሳይቀምሰው መልሶ ቋጠረው። ኢብሳን ጠርቶ በጆሮው ሊነግረው አሰበ፤ ከዚያ ኢብሳ ለሌሎቹ ይነግራል፣ ሌሎቹ ለከተማው፣ ከነገ ጀምሮ በባጃጅ ሲያልፍ «ኮርቻ ጣዩ ቱሳ» ይባላል። ኮርቻውን በድብቅ አስመልሶ ነገሩን በዝምታ ሊቀብረውም አሰበ፤ የጨዋታው ባለቤቶች በአንድ ቀን ውስጥ ከተጠየቁ የተጣለ ዕቃ ይመልሳሉ፣ ግን ማን እንደጣለውና እንዴት እንደጣለው ይጠይቃሉ። በየትም በኩል ቢሄድ በሩ ላይ «እኔ ነኝ» የሚል ቃል ቆሞ ይጠብቀዋል።

ሰባት ሰዓት ላይ ከመንገዱ እልልታ ተሰማ። የሠርግ እልልታ አልነበረም፤ አርሲ ያደገ ሰው ልዩነቱን በአጥንቱ ያውቀዋል። ሲንቄ ወጥታለች። ሲንቄ እናት ለምታገባ ልጇ የምትሰጣት ቀጭን በትር ነች፤ ሴት ስትበደል ይዛት ትወጣለች፣ የሰሙ ሴቶች ሥራቸውን ጥለው ይከተሏታል፣ ሲንቄ በቆመችበት መሐል ጥሶ የሚያልፍ ወንድ የለም። ነገሩ ተሰምቶ በዳይ እስኪለይና እስኪክስ ድረስ የተጀመረ ሁሉ ይቆማል። ለከብት ወጥታ ታውቃለች፣ ለመሬትም፣ ለተደበደበች ሚስትም። ለጌም ቤት ኮርቻ ስትወጣ ግን ይህ የመጀመሪያው ነው።

ፋጡ በሩ ላይ ቆመች። ከኋላዋ ሴቶች፤ ቢያንስ ቢያንስ አርባ ይሆናሉ፣ ቆጥሮ ያየ ሰው ግን ሰባት ነበሩ ይላል። ከመሐላቸው ክርስቲያኗ ጎረቤት እትዬ ተሻለች ሲንቄ ስለሌላቸው ጃንጥላቸውን ቀጥ አድርገው ይዘዋል። ፈይሩዛ ከእናቷ ጀርባ ቆማለች፤ ፊቷ የተዘጋ ሱቅ መስሏል።

«እጃችሁን ከዚያ ነገር ላይ አንሱ!» አለች ፋጡ። ማውስ የያዘ ሁሉ ለቀቀ። «ልጄ ከጠዋት ጀምራ አትበላ፣ አትናገር። በገዛ ወንድሟ አፍ፣ በገዛ ወንድሜ ቤት፣ ከሌባ የባሰች ተብላለች። ኮርቻ ይሁን ጠፍር አላውቅም። ጥላው ከሆነ እኔው እቀጣታለሁ። ካልጣለች ግን የጣለው ይነሳና ይናገር። እስከዚያ እዚህ ቤት የሚነካ ቁልፍ የለም!»

«እማ፣ ይሄ እኮ ጨዋታ ነው…» ብሎ ጀመረ ኢብሳ።

«ጨዋታ ከሆነ ለምን አባረርካት?» አሉ እትዬ ተሻለች በጃንጥላቸው እየጠቆሙት።

ቱሳ በጓሮ በር ወጣ። እውነቱን ለመናገር አጥሩን አይቶታል፤ ከአጥሩ ወዲያ የጎረቤት ግቢ፣ ከዚያ ወዲያ አስፋልቱ፣ ከዚያ ባጃጅ። ሰውነቱ ከበድ ያለ ቢሆንም ሊዘለው ይችል ነበር። ግን ከውስጥ የሚሰማ ድምጽ አልነበረም። እህቱ አትጮህም፣ ሴቶቹ አያጉረመርሙም፣ ፈይሩዛ አታለቅስም፤ ያ ጸጥታ ከኋላ ሆኖ እንደ ሰው ያየዋል። ከቆርቆሮው የሚንጠባጠብ ውሃ ያበቀለው ለምለም ሳር ነበር፤ ጎንበስ ብሎ አንድ ጭብጥ ነጨና ተመልሶ ገባ። ሲንቄ ፊት በእርጥብ ሳር የቀረበ ሰው ጥፋቱን አምኖ ምሕረት ሊለምን እንደመጣ መናገር አያስፈልገውም። ፋጡ ሳሩን አየች። ከዚያ ወንድሟን።

«አንተ?» አለች።

«እኔ!» አለ ቱሳ፤ አንዴ ከጀመረ ማን ያቆመዋል። «እኔ ራሴ! ፈይሩዛ አንዲት ጠጠር አልጣለችም። ስትሰግድ ቦታዋ ላይ ተቀምጬ ጠራጊዬን የለቀቅኩት እኔ ነኝ። ኮርቻው በእጇ ነበር፣ ስክሪፕቴ እጇን ሳያይ ወረወረው፣ ጨዋታው እርግጠኛ ነህ ሲል በእኔ ትእዛዝ አዎ አለ። ሰባት ወር የተለፋበትን በአንዲት ሴኮንድ! ዘንዶው ያልቻለውን፣ የሮቤ ልጆች ያልቻሉትን፣ እኔ ቱሳ ብቻዬን በሰባት መስመር ጽሑፍ አደረግኩት። በአርሲ እንዲህ ያለ ጥፋት ከዚህ በፊት አልታየም፤ ወደፊትም አይታይም! ይህን ስክሪፕት እኮ ሁለት ሺህ ሰው ነው የሚጠቀምበት!»

እትዬ ተሻለች ሳቃቸውን በነጠላቸው ጠርዝ ያዙት። ፋጡ ግን አልሳቀችም። ወደ ፈይሩዛ ዞራ «ካሣው ምን ይሁን?» አለቻት። እንደ ደንቡ የተበደለችው ናት የምትናገረው። ፈይሩዛ ከእናቷ ጀርባ ወጣች። ከጠዋት ጀምሮ የመጀመሪያ ድምጿ ስለነበር ሻከር ብሎ ነው የወጣው። «ለእኔ ይሄው ሁሉም ሰማ፣ ይበቃኛል። ሁለት ሺው ሰው ግን አልሰማም። ነገ አንዱ ዕቃው ይጠፋና አንዷን እህቱን ያባርራል። አቡያ ለእያንዳንዳቸው ይደውሉ።»

«ለሁለት ሺ ሰው?» አለ ኢብሳ።

«ቁጭ ብለን እንጠብቃለን» አለች ፋጡ፤ ሲንቄዋን በበሩ መቃን ላይ አሻግራ ያዘች። ሴቶቹ ወንበር ሳቡ። አንዷ ለልጇ ደውላ «ሽንኩርቱን አንቺው ክተፊው» ስትል ተሰማ። ቱሳ ስልኩን አወጣ፣ መልሶ ከተተ። ፊቱ ቀላ፣ ጆሮው ቀላ፤ «እኔ ነኝ» ያለ ጊዜ እንኳ እንዲህ አልቀላም።

«አዴ ፋጡ» አለ ታላቅ እህቱን ዝቅ ባለ ድምጽ፣ «ሁለት ሺህ እንኳ አይሆኑም።»

«ስንት ናቸው?»

«የተወሰኑ…»

«ቱሳ!»

«አስራ ዘጠኝ» አለ ቱሳ፣ መሬት መሬት እያየ።

ያን ጊዜ ጌም ቤቱ ውስጥ የፈነዳውን ሳቅ በቃል መግለጽ ይከብዳል፤ ጣሪያው ተነስቶ ተቀምጧል ቢባል ማጋነን አይሆንም። ኢብሳ ግን ከሌሎቹ ቀድሞ ሳቁን አቆመ። የተቀመጠበትን የሦስተኛውን ኮምፒውተር ወንበር በእግሩ ገፋ አደረገ፣ ተነሳ፣ በእጀታው መቀመጫውን ጠረገ። ይቅርታ የሚል ቃል አልወጣውም፤ እነዚያ ልጆች ቤት ውስጥ ያ ቃል ሲነገር አልሰሙም። ፈይሩዛ ወንበሩን አየች፣ እሱን አየች፣ ቁጭ አለች። እሱ ጎንበስ ብሎ በትከሻዋ በኩል ስሟን ወደ ቡድኑ መለሰ። «ከጠዋት ጀምሮ የበላሁት ነገር የለም» አለች ስክሪኑን እያየች። ኢብሳ የአቡያን ጭኮ ፊቷ አስቀመጠ።

ከዚያ ሥራ ተጀመረ፤ ምን ዓይነት ሥራ! ቱሳ ለጨዋታው ባለቤቶች ኮርቻው እንዲመለስ አንድ ሙሉ ገጽ ደብዳቤ ጻፈ፤ ፈይሩዛ አነበበችና የሙያ ታሪኩን፣ የጭላሎን ከፍታና የጌም ቤቱን ዝና አጥፍታ ሦስት መስመር አስቀረችው። በሃያ ደቂቃ መልስ መጣ፤ ጥያቄው እየታየ ነው፣ ዕቃው በመዝገብ ውስጥ ስላለ መመለስ ይቻላል። ከዚያ ጠራጊውን ፊቷ ከፈተችው። «አቡያ፣ ከማንሳቱ በፊት እጁን ባዶ ያድርግ» አለች፣ አንድ መስመር ጻፈች። «ካነሳ በኋላ ደግሞ ይየው። በእጁ ያለው ጣል የተባለው ካልሆነ ይቁም።» ሁለት መስመር። «እርግጠኛ ነህ ሲባል ደግሞ እርስዎ ስለ እኛ አይመልሱ። ባለቤቱ ራሱ ይጻፈው።» የቱሳን የኩራት መስመር ሙሉ በሙሉ ሰረዘችው። ቱሳ ሲሰረዝ ሲያይ ጥርሱ የተነቀለ ያህል አመመው። እነዚያ መስመሮች አንድ ላይ ስም ያስፈልጋቸው ነበር፤ ፈይሩዛ በሩን ቀና ብላ አየችና «ሲንቄ» ብላ ጻፈች። እጅ ባዶ የምታደርገዋን መስመር ለጊዜው ዘግታ፣ ዳቦዋን ሆን ብላ በእጅ አስይዛ፣ ጠራጊውን ለቀቀችው። ስክሪኑ ቀይ ሆኖ «ቁም! በእጅህ ያለው ሌላ ነው» አለ። ዳቦዋ አልሄደችም። አስራ አንዱ ሰው አጨበጨበ፤ ሴቶቹ ምን እንደሆነ ባይገባቸውም እልል አሉ።

ቱሳ በዚህ መሐል ይደውላል። «ቱሳ ነኝ፣ ጠራጊውን አትንካ፣ ስህተት አለበት፣ ስህተቱ የእኔ ነው።» መጀመሪያ መሐላ እየጨመረ ነበር የሚናገረው፤ ስምንተኛው ላይ ሲደርስ አረፍተ ነገሩ እያጠረ፣ እያጠረ ሄደ። ሮቤ ያሉት አምስቱ ሳቁበት፤ አንዱ አዳማ ያለው አመሰገነው። አስራ ስምንቱ አነሱ። አስራ ዘጠነኛዋ ሙቢና ግን ስልኳ ይጠራል፣ አይነሳም። ሙቢና ጢቾ ሱቅ አላት፤ ደንበኛ ሲጠፋ ባንኮኒው ስር ሆና ትጫወታለች።

«አቡያ፣ ጨዋታው ውስጥ ናት!» አለ ኢብሳ። ስሟ ስክሪኑ ላይ አረንጓዴ ሆኖ ይበራል። «ቦርሳዋ ሞልቷል ይላል። አሁን ነው የምትጠርገው!»

ክፍሉ በአንዴ ተናወጠ። ቱሳ ስልኩን ጥሎ በስድስተኛው በኩል ዞሮ ሲሮጥ የቤንዚኑን ጠርሙስ በእግሩ መትቶ ሊያፈሰው ለጥቂት ተረፈ። ፈይሩዛ የጆሮ ማዳመጫውን ጭንቅላቷ ላይ ደፍታ በጨዋታው መነጋገሪያ ጠራች። «ሙቢና! ሙቢና፣ ትሰሚኛለሽ?»

«እሰማለሁ፣ ምንድነው ጩኸቱ? አንዴ ቆይ፣ ቦርሳዬን ልጥረግና…»

«አትጫኚው!» ብለው አራት ሰዎች አንድ ላይ ጮኹ። ከበሩ እትዬ ተሻለችም «አትጫኚው!» አሉ፣ ምኑን እንደሆነ ሳያውቁ።

የጢቾ ኔትወርክ ኮሽ ኮሽ ይላል። ቱሳ ወደ ማይኩ ጎንበስ አለ። «ሙቢና፣ አቡያ ነኝ። ጣትሽን አንሺ። አሁን የማውሱን ቀስት እዪ። በእጅሽ ምን ይዘሻል?»

«ምንም አልያዝኩም። ለደንበኛ ስኳር ልመዝን ተነስቼ… ቆይ።» ትንፋሿ ሲቆረጥ ተሰማ። «ያረቢ! ልጓሙን። አቡያ፣ የፈረሴን ልጓም ይዣለሁ!»

በዚያ ጨዋታ ልጓሙ የተጣለ ፈረስ አብሮ ይጠፋል። የሙቢናን ፈረስ ደግሞ የማያውቅ የለም፤ ሁለት ዓመት ያሳደገችው ነጭ ፈረስ ነው። «ቀስ ብለሽ ቦርሳው ውስጥ መልሽው» አለ ቱሳ። ከዚያ በመነጋገሪያው «ገባ!» የሚል ድምጽ መጣ። ጌም ቤቱ በደስታ ቀለጠ፤ ወንበር ተገለበጠ፣ ብርድ ልብስ ተወረወረ፣ ኢብሳ እህቱን በትከሻዋ ይዞ ይነቀንቃታል፣ እሷም እየሳቀች ትመታዋለች። ቱሳ ላብ ያሰጠመውን ፊቱን በእጀታው ጠረገና ወደ በሩ ሄደ። ፋጡ እስካሁን ሲንቄዋን ይዛ ቆማለች። በስክሪኑ ላይ የሆነው አንድም አልገባትም።

«ምን ሆነ?» አለችው።

«ፈረስ ዳነ።»

«ስንት ፈረስ?»

ቱሳ አፉን ከፈተ። ሰባቱም ሴቶች ምን እንደሚል ጠበቁ። «አንድ» አለ።

ፋጡ ሲንቄዋን ከመቃኑ ላይ አነሳችና ለሴቶቹ «በሉ እንሂድ» አለቻቸው። «ቱሳ አንድ ካለ፣ እውነት ነው።»